ልጁን የምትይዘው ሰው ይሄን ታውቃለች?

የዱቦና የአረካ ወላጆች!

በሕጉ የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ ከወለዱ በኋላ ያለው 90 ብቻ። ከዚያ ልጁ ለሞግዚት ወይም ለሕፃናት ማቆያ ይሰጣል። ብዙ ወላጅ "ፊደል ታስቆጥራለች ወይ?" ይላል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቃት "ቆሎ ጉሮሮው ላይ ቢሰነቀርበት ምን ታደርጊያለሽ?" ብዬ ነው።

ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎና ኦቾሎኒ አይሰጥም (እንግዳ ቢያመጣም!)። በደንብ ስለማያላምጠው ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል።

ልጁ በኃይል እየሳለ ከሆነ ተዉት፣ ይሳል። ድምፁ ከጠፋ ግን አትጠብቁ። ከ1 ዓመት በታች ከሆነ ክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኙት፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጀርባውን በትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ በመዳፍ ምቱ። ካልወጣ ገልብጣችሁ የደረቱን መሃል 5 ጊዜ ጫኑ። ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ ከጀርባ ምቱ በኋላ ከኋላው አቅፋችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብላችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ። እስኪወጣ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ፤ ሌላ ሰው መኪና ይጥራ። ውሃ ማጠጣት፣ የማይታየውን በጣት መፈለግ የለም፤ ይብሱን ይገፋዋል።

ተርፎም ሳሉ ካልተወው ወይም ሲተነፍስ ካፏጨ፣ ወደ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ወይም ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱትና "ቆሎ እየበላ ነበር" በሉ። ካልተነገረ ከሳንባ ምች ጋር በቀላሉ ይመሳሰላል።