የመረጃ ማጠናቀሪያ ሶፍትዌር ከመገዛቱ በፊት በሠራተኛው እጅ ሊፈተን ይገባዋል

የሥራ መሪ የሚፈርደው በቀረበለት መረጃ ልክ ነው። መረጃው የዘገየ እንደ ኾነ ፍርዱ ይዘገያል፤ የተጣመመ እንደ ኾነም ፍርዱ ይጣመማል። ጉዳቱም በጽሕፈት ቤቱ ላይ ብቻ የሚቀር ሳይኾን፥ መድኃኒት ለሚጠብቀው በሽተኛና ማዳበሪያ ለሚጠብቀው ገበሬ ይተርፋል። ስለዚህ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚገባው ቢዝነስ ኢንተለጀንስ የተባለው ሶፍትዌር ለሠራተኛው የሚመች መኾን አለመኾኑን መመርመር እንደ ትርፍ ሥራ ሊቈጠር አይገባውም።

ስሙ የቈየ ነው። ሐንስ ፒተር ሉን የተባለው የአይቢኤም ተመራማሪ በዚሁ ስም አንድ ጽሑፍ ያወጣው በ1958 እ.ኤ.አ. ነበር። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራው፥ በልዩ ልዩ መዝገብ የተበተነውን ቁጥር አሰባስቦ፥ በሰንጠረዥና በሥዕል አድርጎ፥ ዳሽቦርድ በሚባል ገጽ ላይ የሚያሳየው መሣሪያ ነው፤ ታብሎና ፓወር ቢአይ ከታወቁት መካከል ናቸው። ጸሐፊ ብዙ ቀን የሚደክምበትን ድምር በጥቂት ጊዜ ስለሚያቀርብ ጥቅሙ አያከራክርም።

ነገር ግን በሻጩ እጅ ያማረው ኹሉ በሠራተኛው እጅ አይቃናም። ሻጩ የሚያሳየው ራሱ አጥርቶ ባዘጋጀው ቁጥር ነው። የወረዳው ጸሐፊ ግን የሚሠራው በጐደለ ቅጽና በሚቋረጥ መስመር ነው። አንዱ መዝጋቢ «ሐረር» ብሎ፥ ሌላው «ሀረር» ብሎ ቢጽፍ፥ ለአንባቢ ከተማዪቱ አንዲት ናት፤ ለኮምፒዩተር ግን ፊደላቱ የተለያዩ ናቸውና፥ አስቀድሞ ካልታረመ በቀር፥ ሁለት ከተማ አድርጎ ይቈጥራታል። መሣሪያው ያስቸገረው ሠራተኛም ብዙውን ጊዜ አቤቱታ አያቀርብም፤ በዝምታ ትቶት ወደ ቀድሞው ሰንጠረዥ ይመለሳል። ገንዘቡ ግን ወጥቷል። ድስት ጥዶ ከማልቀስ መጥኖ መደቆስ ይቀድማል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ምርመራው መለኪያ አለው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1998 አውጥቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው 9241-11 የተባለው ደረጃ፥ ምቹነትን በሦስት ነገር ይመዝነዋል። መጀመሪያው ሠራተኛው ያሰበውን ሥራ በትክክል መፈጸሙ፥ ሁለተኛው በምን ያህል ጊዜና ድካም መፈጸሙ፥ ሦስተኛው በአሠራሩ ደስ መሰኘቱ ነው። ይህም የሚመዘነው ለታወቀ ሠራተኛ፥ ለታወቀ ሥራና ለታወቀ ቦታ ነው እንጂ በደፈናው አይደለም፤ ለኢንጂነሩ የተመቸው ለሒሳብ ሹሙ ላይመች ይችላልና።

ስለዚህ ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ በራሱ መዝገብ ላይ እውነተኛ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል፤ «ባለፈው ሩብ ዓመት ከኹሉ ያነሰ ክትባት የሰጠው ጤና ጣቢያ የትኛው ነው?» እንደ ማለት ነው። ፈታኙም ሳይረዳው አጠገቡ ተቀምጦ፥ የት እንደ ቆመና ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀበት ይጽፋል። ከስሕተትም ኹሉ የሚከፋው፥ ሠራተኛው ሳያውቀው የተሳሳተውን ቁጥር እውነት ነው ብሎ ይዞ የወጣበት ነው። ጄኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፈው፥ አምስት ሰዎች ብቻ ቢፈተኑ ከጉድለቱ 85 በመቶ ያህሉ ይገለጣል፤ ሌሎች ሊቃውንት ቁጥሩ ለኹሉ ሥራ አይበቃም ብለው ቢከራከሩም፥ ጥቂት ፈተና ምንም ካለመፈተን እንደሚሻል አያጠራጥርም። የሠራተኛውን አስተያየት ለመመዘንም ጆን ብሩክ በ1986 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው 10 ዐረፍተ ነገር ያለው መጠይቅ አለ፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ሲኾን፥ 68 ያህል እንደ መካከለኛ ይቈጠራል።

ለኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው የዘመን አቈጣጠር ነው። የበጀቱ ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ሲኾን፥ ይህ በአውሮፓ አቈጣጠር ጁላይ 8 ነው። በአውሮፓ ወር ብቻ የሚደምር ሶፍትዌር እንግዲህ የሰኔን የመጨረሻ ቀኖች ከሐምሌ ጋር ቀላቅሎ፥ የአንዱን በጀት ሥራ ለሌላው ይሰጣል። ደግሞም የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጳጉሜን ስለሚጨምር 95 ወይም 96 ቀን ነው፤ የቀሩት ሦስቱ ግን 90 ቀን ናቸው። ይህን ያላገናዘበ ሥዕል፥ ሥራው ሳይቀንስ የቀነሰ አስመስሎ ያሳያል። ባሕረ ሐሳብን የተማሩ ሊቃውንት ይህን ለመረዳት ብዙ ቃል አያሻቸውም። ነገሩም የማይቻል አይደለም፤ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የተሠራውና በኢትዮጵያ የጤና መረጃ ሥራ ላይ የዋለው ዲኤችአይኤስ ቱ የኢትዮጵያን አቈጣጠር ይዞ ይሠራል።

እንግዲህ የግዢ ውል ከመፈረሙ በፊት፥ መሣሪያውን ዕለት ዕለት የሚይዙት ጸሐፊዎችና የሒሳብ ሠራተኞች በፈተናው ይቀመጡ፤ የተገኘውም ጉድለት በውሉ ውስጥ ይግባ። ባለሥልጣኑም ያማረውን ገጽ አይቶ ከመደሰቱ አስቀድሞ፥ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣና ማን እንደ መረመረው ይጠይቅ። ሚዛኑን ሳይፈትን የሚመዝን ነጋዴ ገበያተኛውን እንደሚበድል፥ መሣሪያውን ሳይፈትን የሚፈርድ ሹምም ሕዝቡን ሊበድል ይችላልና።