ሚቴንን ማቃጠል ቀላል ነው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ማስቆም ግን...

ቡና ቆልታችሁ ታውቃላችሁ? ጥሬው ፍሬ መጀመሪያ ላይ እሳቱ የሚሰማው አይመስልም። አንዴ መቅላት ከጀመረ በኋላ ግን ለአፍታ ዘወር ካላችሁ አርሮ ይጠብቃችኋል። ኬሚስቶችንም ሚቴን እንዲሁ አስቸግሯቸዋል።

ሚቴን አንድ ካርቦንና አራት ሃይድሮጅን ያሉት ጋዝ ነው። የተፈጥሮ ጋዝም፣ ከከብት እበት የሚገኘው ባዮጋዝም በአብዛኛው እሱ ነው። አንድ የኦክስጅን አቶም ብቻ ብንጨምርበት ሜታኖል የተባለ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሽ ደግሞ በቦቴ ይጫናል። ጋዙ ግን ቧንቧ በሌለበት ቦታ ገዢ ስለማያገኝ፣ በብዙ የነዳጅ ጉድጓዶች እዚያው ይቃጠላል። በዓለም ዙሪያ በ2023 እ.ኤ.አ. እንዲህ የነደደው ከ140 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው!

ታዲያ ለምን ሜታኖል አናደርገውም? በሚቴን ውስጥ ካርቦንና ሃይድሮጅንን ያያያዘውን የመጀመሪያውን ቦንድ ለመበጠስ በሞል 439 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። በሜታኖል ውስጥ ግን 402 ገደማ ይበቃል። ጣጣው እዚህ ጋ ነው፦ ሚቴንን ማጥቃት የቻለ ኦክስጅን ሜታኖሉን ይበልጥ በቀላሉ ያጠቃዋል፤ መጨረሻው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ካታሊስቱ (ራሱ ሳያልቅ ሂደቱን የሚያፋጥነው ነገር) ፈጣን መሆኑ ብቻ አይበቃም። ፓላዲየም ለምሳሌ በጣም ፈጣን ነው፤ ግን ሚቴኑን እስከ መጨረሻው ያነደዋል።

መዳብ የተሻለ ብልሃት አለው። ዚዮላይት በሚባል፣ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች በተሞላ ማዕድን ውስጥ የመዳብ አቶሞችን ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ ኦክስጅን ይለቀቅበታል፤ መዳቡ የሚችለውን ይይዛል፣ የተረፈው ተጠርጎ ይወጣል። ከዚያ በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሚቴን ይገባል። የተፈጠረው ነገር እዚያው ተጣብቆ ይቆያል፤ በመጨረሻ የውሃ እንፋሎት ሜታኖል አድርጎ ያወጣዋል። ገባችሁ? ሚቴኑና ነፃው ኦክስጅን ጨርሶ አይገናኙም።

ችግሩ ምርቱ ጥቂት ነው። በአንድ ዙር ለእያንዳንዱ የመዳብ አቶም አንድ የሜታኖል ሞለኪውል እንኳ አይደርሰውም፤ ከዚያ ሁሉም ከሀ ይጀመራል። ፋብሪካዎች ታዲያ እስካሁን ዙሪያ ጥምጥሙን ይሄዳሉ፦ ሚቴኑን ከ800 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከእንፋሎት ጋር በኒኬል ላይ በታትነው፣ እንደገና በመዳብና በዚንክ ላይ ይገጣጥሙታል። አንድ መስኮት ለመጨመር ቤቱን አፍርሶ እንደመሥራት ነው።

የሚገርመው ግን፣ ረግረግ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ይህንኑ ሥራ ያለ ምንም እሳት፣ ብረት ወይም መዳብ ባለው ኢንዛይማቸው አሁንም እየሠሩት ነው።