መብረቅ በመብራት ሽቦ በኩል ቤት እንዴት ይገባል?



በአገራችን መብረቅ የሚበዛው በክረምት ነው። በሊባኖስ ግን ዝናቡ የሚመጣው በብርዱ ወራት ስለሆነ መብረቁም ያኔ ይበዛል። በዚህ ጊዜ መብራት ድርግም ሲል፣ ወይም ቴሌቪዥን ሲቃጠል «ምን ነክቼ ይሆን?» ብላችሁ እንዳትደነግጡ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማችኋል።

መብረቅ ራሱ ኮረንቲ ነው። ደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች ሲጋጩ ኮረንቲ ይጠራቀምና ወደ መሬት ይወርዳል። የቤታችን ኮረንቲ 220 ቮልት ሲሆን የመብረቅ ግን በሚሊዮን ይቆጠራል። የመብራት ሽቦ ከፍ ብሎ ስለተዘረጋ በቀላሉ ይመታል። መብረቁ አጠገቡ ቢወድቅ እንኳ በሽቦው ውስጥ ድንገተኛ ኃይል ይነሣል፤ እንደ ደራሽ ጎርፍም እስከ ቤት ይደርሳል።

ይህን ለመከላከል በትላልቅ መስመሮች አናት ላይ መብረቁን ተቀብሎ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ ይዘረጋል። አደጋ ሲኖር መስመሩን ቆርጦ መልሶ የሚያገናኝ መሣሪያም አለ፤ መብራት ጠፍቶ ወዲያው የሚመለሰው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም መከላከያው ሁልጊዜ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 13 ቀን 1977 መብረቅ የኒውዮርክን ትላልቅ መስመሮች መትቶ ከተማዋ እስከ ማግስቱ በጨለማ ቆይታለች።

ስለዚህ እነዚህን አስታውሱ፦

1. ዝናቡ ሳይጀምር ቴሌቪዥኑን፣ የዲሹን ገመድና ካውያውን ከሶኬት ንቀሉ። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ኃይለኛው ኮረንቲ ትንሿን ክፍተት ይዘላል።

2. ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ግን ሶኬትና ገመድ አትንኩ። ቻርጅ ላይ ባለ ስልክ አታውሩ።

3. ኮረንቲ በውኃ ቧንቧም ስለሚሄድ ገላ መታጠቡንና ዕቃ ማጠቡን አቆዩት።

4. ልብስ ለማንሣት ጣራ ላይ ወይም በረንዳ ላይ አትውጡ። ልብስ ይታጠባል፤ ነፍስ ግን አትተካም።

5. ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ቍጠሩ፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 30 ሳይሞላ ነጎድጓድ ከሰማችሁ መብረቁ ቅርብ ነውና ቤት ውስጥ ሁኑ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ።

ማዳም «ውጪና ልብሱን አምጪ» ካለቻችሁ፣ በዐረብኛ መብረቅ «በርቅ»፣ ነጎድጓድ «ረዕድ» ይባላልና ሰማዩን እያሳያችሁ በትሕትና አስረዷት። ለእርሷም ለልጆቿም የሚጠቅም ምክር ነው።

እግዚአብሔር በያላችሁበት ይጠብቃችሁ። አሜን።