አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችና የስፖርት ሜዳ፤ ከጁባ ከተማ የሚገኝ ትምህርት

ሰውነትን በጨዋታ ማንቀሳቀስ ለጤንነት የሚሰጠው ጥቅም ከማንም የተሰወረ አይደለም። ይሁን እንጂ ጨዋታ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ብቻ የተፈጠረ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱም ሕይወት የሚያስከፍል መሆኑን ከዚህ ቀጥሎ ባጭሩ እንገልጻለን።

በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ኅብለ ሰረሰር የአንጎልን ትእዛዝ ለሰውነት፣ የሰውነትንም ስሜት ለአንጎል የሚያደርስ ነው። በጥይት፣ በመኪና አደጋ ወይም ከከፍታ በመውደቅ በተጎዳ ጊዜ ከጉዳቱ በታች ያለው አካል መንቀሳቀስና መሰማት ይሳነዋል፤ የፊኛና የአንጀት ሥራም ይታወካል። በቀድሞው ዘመን እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመኝታ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ሕመም ምክንያት ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር። በ1936 ዓ.ም. ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ሕክምና ክፍል ከፍተው ስፖርትን የሕክምናው ክፍል አደረጉት። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. በ16 ቀስተኞች የተጀመረው ውድድር አድጎ ዛሬ ፓራሊምፒክ የሚባለው ሆኗል።

በሮማና በቶኪዮ ማራቶን ድል ያደረጉት ሻምበል አበበ ቢቂላም በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አከርካሪያቸው ከተጎዳ በኋላ የታከሙት በዚሁ ሆስፒታል ነበር። በ1962 ዓ.ም. በዚያው በቀስት ተወዳደሩ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ አገር በውሻ በሚሳብ የበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር አሸነፉ። ለዚህ ያበቃቸው የግል ብርታታቸው ብቻ አልነበረም። ሐኪሙ፣ አሠልጣኙና ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመቸው ሜዳ በአንድነት ስለ ተገኙላቸው ነው።

እነዚህ ነገሮች ባልተሟሉበት ከተማ ያለው ችግር ምን እንደሚመስል ከጎረቤታችን ከደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ከጁባ መረዳት ይቻላል። ረጅም ጦርነት ባሳለፈችው በዚያች አገር በጥይት የተጎዱ ሰዎች ብዙ ናቸው።

አንደኛው መሰናክል መንገድ ነው። የጁባ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች በዝናሙ ወራት ጭቃ፣ በበጋው አቧራ ናቸው። ለሆስፒታል ወለል የተሠራ ወንበር በዚህ ላይ አይሄድም። ሕዝቡ የሚጓጓዝበት ቦዳ ቦዳ የሚባለው ሞተር ብስክሌትም ሰውየውን ቢጭን እንኳ ወንበሩን ለመጫን አይመችም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ጉዳቱ በደረት ወይም በአንገት አካባቢ የሆነ ሰው ከጉዳቱ በታች እንደ ሌላው ሰው አያልበውም፤ ስለዚህ ሰውነቱ ሙቀቱን ማስወጣት ይቸግረዋል። በየካቲትና በመጋቢት የጁባ የቀትር ሙቀት እስከ 38 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ሰዓት ያለ ጥላና ያለ ውሃ መጫወት አደገኛ ነው።

ሦስተኛው መጸዳጃ ቤት ነው። ወንበር የሚያስገባ መጸዳጃ በሜዳው አጠገብ ከሌለ ተጫዋቹ ውሃ መጠጣት ይተዋል፤ ይህም ፊኛውንና ኩላሊቱን ይጎዳል። ጉዳቱ በላይኛው ደረት ወይም በአንገት የሆነ ሰው ፊኛው በሞላ ጊዜ የደም ግፊቱ በድንገት ሊያሻቅብበት ስለሚችል ከጨዋታው አስቀድሞ ሽንቱን ማስወገድ ይኖርበታል።

አራተኛው የቤተ ሰብ ፍርሃት ነው። እንዳይወድቅ ተብሎ በቤት የሚቀመጠው ሰው ከመቀመጥ በሚመጣ ቁስል ይያዛል። ለመከላከል ተብሎ የሚደረገው ራሱ ጉዳት ይሆናል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በጁባ ተስፋ የሚሰጥ ሥራ ተጀምሯል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በከተማው የአካል ማገገሚያ ማዕከሉን ከመርዳት ጋር በተሽከርካሪ ወንበር የሚደረገውን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አስፋፍቷል። በዚያ ያሠለጠነው አሜሪካዊው ጄስ ማርክት ራሱ በመኪና አደጋ አከርካሪው የተጎዳ ሰው ነው። ደቡብ ሱዳናውያን የቅርጫት ኳስን እጅግ የሚወዱ ስለ ሆነ፣ በወንበር የሚጫወተውን ሰው ሲያዩ ጉዳቱን ረስተው ስለ ግቡ ይነጋገራሉ።

ከዚህ ለከተማ ሹማምንት ግልጽ የሆነ ትምህርት ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች ስምምነት በ30ኛው አንቀጽ በስፖርትና በመዝናኛ የመሳተፍን መብት ያረጋግጣል፤ አገራችንም በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃዋለች። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖር አዝዟል። ሐኪሞች ከጉዳተኛው የሚጠብቁት ቢያንስ በሳምንት 2 ጊዜ ለ20 ደቂቃ ሰውነቱን በርትቶ እንዲያንቀሳቅስና ጡንቻውን እንዲያጠነክር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት መግቢያ፣ ሰፊ በር፣ ጥላና ውሃ፣ እንዲሁም ሜዳውን ጧትና ማታ መክፈት ነው። ወጪው ከአንድ ሰው የሆስፒታል ቆይታ ጋር ቢመዛዘን የሚከብድ አይደለም። ስለዚህ አዲስ ሜዳ የሚያሠራ ሹም ሁሉ ፕላኑን ከመፈረሙ በፊት፣ በወንበር የሚሄድ ሰው ከቤቱ ተነሥቶ እስከ ሜዳው ድረስ በምን መንገድ እንደሚደርስ መጠየቅ ይገባዋል።