አፍና እጅ በአንድ ጊዜ

መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምር መምህር በአፉ እየተናገረ በእጁም ምልክት ሲሠራ ለተመልካች ማንንም ያላስቀረ ይመስላል። ጥቂት የሚሰማው ተማሪ ድምፁን፣ ከንፈር ማንበብ የለመደው አፉን፣ ሌላው እጁን ይከተላል። አሠራሩ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሰፊው የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን ትምህርቱ በንግግር ብቻ ይሁን ብለው ከወሰኑ ወዲህ የምልክት ቋንቋ በብዙ አገሮች ከመማሪያ ክፍል ተባሮ ስለነበር፣ የምልክት መመለስ ብቻውን ለልጆቹ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ንግግርና ምልክት እኩል እንዲሄዱ ሲፈለግ ነው። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው እንዳለው በአሜሪካ መስማት የተሳናቸው የሚማሩበት የጋላውዴት ኮሌጅ መምህር ዊሊያም ስቶኪ በ1960 ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ጥያቄ በቅንድብ፣ አሉታ ራስን በመነቅነቅ፣ ማን ለማን እንደሰጠም እጅ በሚሄድበት አቅጣጫ ይነገራል። አፍ የእንግሊዝኛን ቅደም ተከተል ይዞ ሲሮጥ እጅና ፊት ይህን ሥራቸውን ይተዋሉ። በዚያ ላይ አንድ ምልክት መሥራት አንድ ቃል ከመናገር እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ መምህሩ ወይ ንግግሩን ያዘገያል፣ ወይ ምልክት ይዘላል። ሲዘል ደግሞ አይታወቀውም፤ የገዛ ድምፁ ሙሉ ሆኖ ይሰማዋልና።

ጉዳቱን በአማርኛ ማየት ይቻላል። መምህሩ «አስቴር ትናንት አልመጣችም» እያለ በእጁ የአስቴርን፣ የትናንትንና የመምጣትን ምልክት ብቻ አሳይቶ ቢያልፍ፣ የሚሰማው ልጅ መቅረቷን፣ የማይሰማው ግን መምጣቷን ይረዳል። እንዲህ ያለው ስህተት በሒሳብና በሳይንስ ትምህርት ሲደጋገም ልጁ ሰነፍ ይባላል፤ ጥፋቱ ግን የልጁ አይደለም።

ለጀማሪ ወላጅ እየተናገሩ ምልክት መለማመድ አይከፋም፤ ከዝምታ እጅግ ይሻላል። ለመደበኛ ትምህርት ግን ሁለቱን መለየት ይበጃል። ስዊድን ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንዳደረገችው፣ ትምህርቱ በሙሉ ምልክት ቋንቋ ይሰጣል፣ የአገሩን ቋንቋ ልጆቹ በጽሑፍ ይማራሉ፤ ንግግርም ለሚጠቅማቸው ልጆች የራሱ ጊዜ ይመደብለታል። ይህ የሚሆነው ግን መምህሩ ምልክት ቋንቋውን አጥርቶ ሲያውቅ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛዎች ከሁሉ አስቀድመው ሊያሟሉት የሚገባውም ይህንኑ ነው።