ከልብስ ማስጫው አጠገብ የቆመው ዲሽ

በአጭር ሞገድ ራዲዮ ያደገ ሰው ያን ድምፅ ያውቀዋል። ማታ በዜና ሰዓት ጀርመን ድምፅን ፍለጋ ቁልፉ ቀስ ተደርጎ ሲዞር፣ በአንዱ ጣቢያና በሌላው መካከል ሽሽሽ የሚለውን። አባቴ በዚያ ሰዓት ትንፋሽ እንኳ አያስወጣንም ነበር፤ ሽሽታውን አልፎ የሰው ድምፅ እስኪይዝ ድረስ ፊቱ አይፈታም። ሽሽታው ራሱ ከየት እንደሚመጣ ግን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም።

ጠይቆ እስከ መጨረሻው የተከተለው ሰው እንዳለ ያወቅሁት አድጌ ስለ አማተር ራዲዮ ማንበብ ስጀምር ነው። ግሮት ሪበር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1911 ተወልዶ (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) ከቺካጎ ወጣ ብላ ባለችው ዊተን ከተማ ያደገ። እናቱ መምህርት ነበሩ። ካስተማሯቸው ልጆች አንዱ ኋላ የጠፈርን መስፋፋት ያሳየው ኤድዊን ሃብል ነው። ልጃቸው ግን ልቡ የሄደው ወደ ሽቦና ወደ ራዲዮ አምፖል ነበር።

አማተር ራዲዮ ማለት ፈቃድ አውጥቶ፣ ማሰራጫና መቀበያ ገጣጥሞ፣ አንቴና ሰቅሎ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ያለ ክፍያ መነጋገር ነው። ትርፉ ርቀት ነው። የተገናኙት ሁለቱ ሰዎች ማረጋገጫ ካርድ በፖስታ ይላላኩና ካርዱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እኛም አገር ኢቲ 3 ኤኤ በሚል መጠሪያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ የሚሠራ የክበብ ጣቢያ አለ፤ የኢትዮጵያ ካርድ የሌላቸው የውጭ አማተሮች ድምፁን ሲሰሙ ይረባረቡበታል። ሪበርም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ደብሊው 9 ጂ ኤፍ ዚ የሚል መጠሪያ አወጣና ከ60 በላይ አገሮችን አነጋገረ። ከዚያ ሰለቸው። ምድር አለቀችበት።

በዚያው ሰሞን ካርል ጃንስኪ የሚባል የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ የጻፈው እጁ ገባ። የጃንስኪ ሥራ አትላንቲክን በሚያቋርጠው የራዲዮ ስልክ ላይ የሚገባውን ረብሻ ምንጭ መለየት ነበር። ኒው ጀርሲ፣ ሆልምደል ሜዳ ላይ በአሮጌ ፎርድ መኪና ጎማዎች የሚሽከረከር ረጅም አንቴና ሠርቶ አዳመጠ። የቅርብ መብረቅ አገኘ፤ የሩቅ መብረቅ አገኘ። ሦስተኛው ግን የማያቋርጥ ቀጭን ሽሽታ ነበር። መጀመሪያ ፀሐይ መሰለው፤ በየቀኑ ስለሚመላለስ። ወራት ሲያልፉ ግን ሰዓቱ ተዛነፈ፤ ሽሽታው በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል እየቀደመ ይመጣል። እንዲህ የሚቀድሙት ከዋክብት ናቸው። የበረታውም በቀውስ ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ፣ የፍኖተ ሐሊብ እምብርት ባለበት በኩል ነው። (ቀውስን ዐውደ ነገሥት ገላጮቻችን ያውቁታል፤ ከዚያ ራዲዮ እንደሚሰማ ግን አልነገሩንም።) በግንቦት 1933 ወሬው ኒው ዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ላይ ወጣ። ጃንስኪ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ፤ ነገሩም እዚያው ቀረ። የሥነ ፈለክ ሰዎች ስለ ራዲዮ አያውቁም፤ የራዲዮ ሰዎች ደግሞ ሰማዩ አያገባቸውም።

ሪበር ከጃንስኪ ጋር ለመሥራት አመለከተ። ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ነውና ቅጥር የለም። ስለዚህ በ1937 ክረምት ከራሱ ኪስ አውጥቶ ከእናቱ ቤት አጠገብ መሥራት ጀመረ፤ ስፋቱ 9 ሜትር ከግማሽ የሚያህል፣ አጥንቱ እንጨት፣ ቆዳው ቆርቆሮ የሆነ ጎድጓዳ ዲሽ። ዛሬ በየጣሪያችን የምናየው ዲሽ ታላቅ ወንድም ነው። ዲሹ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይነቃነቃል፤ ወደ ጎን የማዞሩን ሥራ ለምድር ተወላት። የሰፈሩ ልጆች ተንጠላጠሉበት፤ እናቱ ልብስ አሰጡበት። ሲዘንብ ውሃው በመሃሉ ቀዳዳ ሲንዶለዶል ያየ መንገደኛ ደግሞ ዝናብ ማጠራቀሚያ ነው አለ።

ከዚያ መጣ ውድቀት፤ እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው። በዘመኑ ፊዚክስ ስሌት፣ ሽሽታው የትኩስ ነገር ጨረር ከሆነ፣ ሞገዱ ባጠረ ቁጥር መበርታት አለበት። ስለዚህ ሪበር በ3300 ሜጋኸርዝ ጀመረ። ምንም የለም። ወደ 900 ገደማ ወረደ፣ አዲስ መቀበያ ገጣጠመ። አሁንም ዝም። ሌላ ሰው ቢሆን ዲሹን አፍርሶ ለቆርቆሮ ነጋዴ ይሸጠው ነበር። እርሱ ሦስተኛ መቀበያ ሠርቶ 160 ሜጋኸርዝ ላይ ወረደ።

ቀን የቺካጎ ራዲዮ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ማታ እራቱን በልቶ ጥቂት ያሸልባል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥቶ መቀበያው ፊት ይቀመጣል። ቀን ላይ ቢያዳምጥም ዋጋ አልነበረውም፤ በጎዳናው የሚያልፈው መኪና ሁሉ የሞተሩ ካንዴላ ብልጭ ባለ ቁጥር መርፌውን ያዘልለዋል። ሰፈሩ ሲተኛ መርፌው ይረጋል። በ1939 ከእነዚያ ሌሊቶች በአንዱ ፍኖተ ሐሊብ ከዲሹ በላይ ሲያልፍ መርፌው በዝግታ ተነሣ፤ ሲያልፍም በዝግታ ወረደ። በማግስቱም እንዲሁ፣ 4 ደቂቃ ቀደም ብሎ።

ሁለቱ ውድቀቶች የግኝቱ ግማሽ ሆነው ተገኙ። ሽሽታው ሞገዱ በረዘመ ቁጥር የሚበረታ ከሆነ የትኩስ ነገር ጨረር አይደለም ማለት ነው። ምንነቱ የታወቀው በ1950ዎቹ ነው፤ ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጉ ኤሌክትሮኖች በጠፈር ማግኔታዊ መስክ ውስጥ ሲጠማዘዙ የሚለቁት ነው።

ሪበር ውጤቱን ለሥነ ፈለክ መጽሔት ላከ። የሥነ ፈለክ ሰዎች መሣሪያውን በዓይናቸው ሊያዩ ዊተን ድረስ መጡ፤ ጽሑፉም በ1940 ወጣ። በ1944 የሰማዩን የራዲዮ ካርታ አሳተመ። የዓለም የራዲዮ ሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ቢቆጠሩ ያኔ ከእርሱ ሌላ ማን እንደሚጠራ እንጃ። የእርሱ ጽሑፍ በጦርነቱ መሃል በጀርመን የተያዘችው ሆላንድ ደርሶ የሥነ ፈለክ ተመራማሪውን ያን ኦርትን ቀሰቀሰው፤ ከዚያም የአገሩ ልጅ ቫን ደ ሁልስት የጠፈር ሃይድሮጅን በ21 ሴንቲሜትር ሞገድ እንደሚሰማ ተነበየ። በ1951 ተሰማ።

ሙያው ትልልቅ ተቋማት ሲገቡበት ሪበር ወደ ታዝማኒያ ሄደ፤ ሰው የተወውን በጣም ረጅም ሞገድ ለማዳመጥ። ጎን ለጎን የአደንጓሬ ሐረግ ከተፈጥሮው ተቃራኒ እንዲጠመጠም እያደረገ ምርቱን ያጠና ነበር። ምን ይባላል፣ ሰውየው አማተር ነው። በታኅሣሥ 2002፣ 91 ዓመት ሊሞላው 2 ቀን ሲቀረው ሞተ።

ዲሹ ዛሬ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ግሪን ባንክ በሚገኘው የራዲዮ ቴሌስኮፕ ማዕከል ቆሟል፤ ያን የድሮ መጠሪያውን፣ ደብሊው 9 ጂ ኤፍ ዚን፣ የማዕከሉ አማተሮች ወርሰውታል። ወደ ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች የሚጠጋ መኪና እዚያ ናፍጣ መሆን አለበት። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም።