የሕፃን እድገት ልኬትና ከወላጅ ጋር የሚደረግ ውይይት

ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ድጋፍ ሲቆም በአገራችን «ወፌ ቆመች!» እየተባለ ይጨበጨብለታል። ጭብጨባው ሲዘገይ ግን በብዙ ቤት ዝምታ ይሰፍናል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከሕፃኑ ጋር የምትውለው የማቆያ ሞግዚት መዘግየቱን ከወላጆቹ ቀድማ ልታስተውል ትችላለች። ያየችውን እንዴት ትንገራቸው? ጥያቄው የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የልኬትም ነው።

የልኬት ወሰን

በፊዚክስ ማንኛውም ልኬት ከስሕተት ወሰኑ ጋር ይነበባል። የሕፃናት እድገትም የሚገለጸው በስርጭት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ውጤት፣ ጤነኛ ሕፃናት ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምሩበት ዕድሜ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ይዘረጋል። ስለዚህ በ11 ወሩ የተራመደ የጎረቤት ልጅ፣ በ15 ወሩ ገና ላልተራመደው መለኪያ አይሆንም። 18 ወር ሞልቶት ያልተራመደ ሕፃን ግን ከወሰኑ ውጭ ነውና «አባቱም ዘግይቶ ነው የሄደ» በሚል ማጽናኛ ሊታለፍ አይገባም።

መለኪያውም መስተካከል አለበት። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ዕድሜ፣ እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ፣ ቀድሞ የተወለደባቸው ሳምንታት ተቀንሰው ይሰላል። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ በማቆያው አማርኛ የሚሰማ ልጅ የሚያውቃቸው ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ይቆጠራሉ። በአሜሪካ የተዘጋጀው የዴንቨር የእድገት መመዘኛ፣ ሕፃኑ በወተት የሚበላ የታሸገ ቁርስ በራሱ ያዘጋጅ እንደሆነ ጭምር ይጠይቃል። መመዘኛው ለጅማ ሕፃናት እንዲስማማ ተስተካክሎ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ምልከታና ፍርድ

«ልጃችሁ ችግር አለበት» ማለት ከመረጃው አልፎ መሄድ ነው። ሞግዚቷ ወላጆችን ለብቻቸው አስቀምጣ፣ «ባለፉት ሦስት ሳምንታት ከጀርባው ሆነን ስሙን ስንጠራው ዘወር አላለም፤ እናንተስ ቤት ውስጥ ምን ታያላችሁ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ወላጆች ሁለተኛ ተመልካች ይሆናሉ እንጂ የተከሰሱ አይመስላቸውም። የሁለቱ ምልከታ ከተስማማ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ባይስማማም ልዩነቱ ራሱ መረጃ ስለሆነ ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል።

ስሙ ሲጠራ ዘወር የማይል ልጅ ምናልባት አይሰማ ይሆናል። ምክንያቱ በመሐል ጆሮው የተጠራቀመ ፈሳሽ ከሆነ ሊታከም ይችላል። ሳይመረመር የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ግን ቋንቋ ከሚለምድበት ዕድሜው ላይ ይቀነሳል። አፍ ፈትቶ ሳለ ይናገራቸው የነበሩ ቃላት የጠፉበት ሕፃን ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ሳይዘገይ ሐኪም ይየው።

ስጋቱ ከንቱ ሆኖ ቢገኝ ወላጅ የሚያጣው ለምርመራ ያዋለውን ቀን ነው። እውነት ሆኖ ሳለ በዝምታ ቢታለፍ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ገና መናገር ያልቻለው ልጅ ነው።